ለአማተር ፊልም ሠሪዎች፦ በአካልና በበይነ መረብ ከሚካሄዱ የፊልም ፌስቲቫሎች የትኛውን ማስቀደም ይገባል?

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በራሳቸው ጊዜና ወጪ አጫጭር ወይም ዘጋቢ ፊልሞችን ሠርተው ለተመልካች ማቅረብ ለሚፈልጉ ዜጎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከምሥራቅ አዲስ አበባ ማለትም ከቦሌ፣ ከየካና ከለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች የተወሰዱ ቢሆኑም፣ ጉዳዩ በሌሎች ክፍለ ከተሞችና በክልል ከተሞች ለሚገኙ ፊልም ሠሪዎችም በእኩል ያገለግላል።

ብዙዎች ፊልማቸውን ጨርሰው የመጨረሻውን ፋይል ካወጡ በኋላ የሚወስዱት የመጀመሪያ እርምጃ በዩቲዩብ ላይ መጫን ነው። ለወዳጅ ዘመድ ለማሳየት የቀለለ መንገድ ስለሆነ የሚያስገርም አይደለም። ይሁንና አንድ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህ ዕድል አንዴ ከዋለ መልሶ ማግኘት አይቻልም። በመሆኑም ፊልሙን በአዳራሽ ወይስ በበይነ መረብ ላይ ማሳየት ይሻላል የሚለው ጥያቄ፣ በአመዛኙ የቅደም ተከተል ጥያቄ መሆኑን ከወዲሁ መረዳት ያስፈልጋል።

ፌስቲቫል ሲባል

የፊልም ፌስቲቫል ከሽልማት ሥነ ሥርዓት ይለያል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የጉማ የፊልም ሽልማት፣ ስሙ እንደሚያመለክተው ሥራዎችን አወዳድሮ የሚሸልም መድረክ ነው። ፌስቲቫል ግን ፊልሞችን መርጦ በተወሰኑ ቀናት ለሕዝብ ያሳያል፤ ሽልማት ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል። በአገራችን በሊንኬጅ አርትስ ሪሶርስ ሴንተር አዘጋጅነት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚታወቀው የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል፣ እንዲሁም ኢኒሼቲቭ አፍሪካ የመሠረተውና በዘጋቢ ፊልሞች ላይ የሚያተኩረው አዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

በበይነ መረብ የሚካሄደው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው የተመረጡትን ፊልሞች ለተወሰኑ ቀናት በራሱ ድረ ገጽ የሚያሳይ፣ ትኬት የሚሸጥ ወይም በነፃ የሚያስገባ፣ አንዳንዴም ተመልካቹን በአገር የሚገድብ ነው። ሌላው በአዳራሽ እያሳየ ጎን ለጎን በበይነ መረብ የሚያስተላልፍ ነው። ሦስተኛው ፊልሙን ከዳኞች በስተቀር ማንም የማያየው፣ ክፍያ ተቀብሎ በየወሩ የአሸናፊዎችን ስም የሚያወጣና የሽልማት ምልክት የሚልክ ነው። ይህን የመጨረሻውን ፌስቲቫል ብሎ መጥራት ያስቸግራል፤ ተመልካች የሌለበት ፌስቲቫል የለምና። ተገልጋዮች የምዝገባ ቅጽ ከመሙላታቸው በፊት ፊልማቸውን ማን፣ የት፣ ለስንት ቀን እንደሚያየው ሊጠይቁ ይገባል።

ወረርሽኙ ያስተማረው

የበይነ መረብ ፌስቲቫል በስፋት የታወቀው በኮቪድ 19 ወቅት ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ተዘጉ፤ ሲኒማ ቤቶችም እንዲሁ። በዓለም ዙሪያ ያሉ የፊልም ፌስቲቫሎች ለተመሳሳይ ችግር የሰጡት ምላሽ ግን የተለያየ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከግንቦት 29 እስከ ሰኔ 7 ቀን 2020፣ 21 ፌስቲቫሎች በጋራ ሆነው በዩቲዩብ አማካይነት ፊልሞችን በነፃ አሳዩ። በአሜሪካ የሚካሄደው ሰንዳንስ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ዝግጅቱን በአብዛኛው ወደ በይነ መረብ አዛወረ። በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ኡጋዱጉ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ፌስፓኮ ግን የካቲት ላይ ሊያካሂድ የነበረውን ዝግጅት እስከ ጥቅምት 2021 አቆይቶ፣ ተመልካቹን በአካል ሰበሰበ። ፌስፓኮ መጠበቁ ያለ ምክንያት አልነበረም። የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት፣ የከተማው ነዋሪም እንደ በዓል የሚጠብቀው መድረክ ስለሆነ በስክሪን የሚተካ አልነበረም። ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ፊልሙ የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ሽልማትን እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኘው በዚሁ መድረክ ነው።

በሌላ በኩል የሰንዳንስ ውሳኔ ለእኛም የሚጠቅም ምሳሌ ትቶ አልፏል። ጄሲካ በሽር በሐረርና አካባቢው ለዓመታት የቀረጸችው «ፋያ ዳዪ» የተሰኘው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚያ በበይነ መረብ በተካሄደው ዝግጅት ላይ ነው። ይህም ፊልሙን አልጎዳውም። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ኒዮን ከተማ በሚካሄደው የዘጋቢ ፊልሞች ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት አግኝቷል። ስለዚህ በበይነ መረብ መታየት በራሱ ዝቅ ያለ ደረጃ አይደለም። የሰንዳንስ ክብደት የመጣው ከመራጮቹና ለዓመታት ካፈራው ታማኝ ተመልካች ነው፤ ስክሪኑ መተላለፊያ ብቻ ነበር። አንድ አዲስ የበይነ መረብ ፌስቲቫል ይህ ከኋላው ከሌለው፣ ስክሪኑ ብቻውን የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው።

የመጀመሪያ እይታ ለምን ይጠበቃል?

ብዙ ፌስቲቫሎች ቀደም ሲል ለሕዝብ ያልታየ ፊልም ይመርጣሉ። አንዳንዶቹ ይህን እንደ ግዴታ ያስቀምጣሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጉዳዬ አይሉትም። የካን ፌስቲቫል የአጭር ፊልም ውድድር ርዝመቱ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥና ቀድሞ በበይነ መረብ ያልወጣ ፊልም ይጠይቃል። ሰንዳንስ ግን ከ50 ደቂቃ በታች ለሆኑ አጫጭር ፊልሞች የመጀመሪያ እይታን እንደ ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም። ደንቦቹ በየዓመቱ ሊሻሻሉ ስለሚችሉ የዓመቱን ደንብ ከፌስቲቫሉ ድረ ገጽ ማንበብ የግድ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ መድረክ ከአማተር አቅም በላይ ነው ብሎ አስቀድሞ መተው ግን አይገባም። የሕይወት አድማሱ ጌታነህ አጭር ፊልም «ኒው አይስ» እ.ኤ.አ. በ2015 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ታይቷል። በዚያው ዓመት የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ይፋዊ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል።

እንግዲህ የሚመከረው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። ፊልሙ ሲጠናቀቅ በመጀመሪያ የመጀመሪያ እይታን የሚጠይቁትን ፌስቲቫሎች ለይቶ ለእነርሱ ማስገባት፤ መልሳቸው እስኪመጣ ድረስም ፊልሙን በይለፍ ቃል በተዘጋ ሊንክ ብቻ መያዝ። ከዚያ በአገር ውስጥና በአካባቢው ባሉ አዳራሾች ማሳየት፣ ቀጥሎ ለተወሰነ ቀን በሚያሳዩ የበይነ መረብ ፌስቲቫሎች መሳተፍ፤ ለሁሉም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ መጫን ደግሞ የመጨረሻው ይሁን። ይህ ጉዞ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ፊልሙ የሠፈር ትዝታን ለመያዝ ወይም ለአንድ ማኅበራዊ ዘመቻ የተሠራ ከሆነ ግን ዓመት መጠበቅ ትርጉም ላይኖረው ስለሚችል፣ በቀጥታ በዩቲዩብ መውጣቱ ተገቢ ውሳኔ ነው።

በቦሌና በአካባቢው በአዳራሽ ማሳየት

የቦሌ አካባቢ በዘመናዊ የግል ሲኒማ ቤቶች ቀደምት ከሆኑት መካከል ነው። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በቦሌ መንገድ ባሠራው ዓለም ሕንፃ የተከፈተው ዓለም ሲኒማ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ በኤድና ሞል የተከፈተው ማቲ ሲኒማ፣ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደግሞ በጉርድ ሾላ ሴንቸሪ ሞል የሚገኘው ሲኒማ በአካባቢው ነዋሪ ዘንድ የታወቁ ናቸው። የንግድ ማዕከላት አዳራሾች አገልግሎታቸው ሊለወጥ ስለሚችል ቀን ከመቁረጥ በፊት በአካል ሄዶ ማረጋገጥ ይገባል።

ለአማተር ፊልም ግን ትልቅ ሲኒማ ቤት መከራየት አስፈላጊ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም አዋጭ አይሆንም። በወረዳዎች የሚገኙ የወጣት ማዕከላት፣ የትምህርት ተቋማት አዳራሾች፣ ከቦሌ ራቅ ብለው የሚገኙት አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎተ ኢንስቲትዩት ለዚህ ዓይነት ዝግጅት የተሻሉ ናቸው። የሦስት ወይም የአራት ሰዎችን አጫጭር ፊልሞች አቀናጅቶ በአንድ ምሽት ማሳየት ወጪውንም ተመልካቹንም ያጋራል።

በአዳራሽ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ጭብጨባ አይደለም። ፊልም ሠሪው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ተመልካቹ የት ላይ እንደሳቀ፣ የት ላይ ስልኩን እንዳወጣ፣ የትኛው ንግግር እንዳልተሰማ ያያል። በበይነ መረብ ቁጥር ይታያል፤ 400 ሰው ፊልሙን ከፈተ ይላል፤ 300ው በሁለተኛው ደቂቃ ለምን እንደወጣ ግን አይናገርም። ከዚህም ሌላ የሚቀጥለው ፊልም የድምፅ ባለሙያ፣ ኤዲተር ወይም ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከእይታው በኋላ አዳራሹ ደጃፍ ላይ በሚደረግ ጭውውት ነው። ያለ ደመወዝ በመተጋገዝ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሽልማት ምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ጥቂት ተግባራዊ ነጥቦችም አሉ። ፊልሙን ከአንድ ቀን በፊት በዚያው ፕሮጀክተርና በዚያው ድምፅ ማጉያ መሞከር ያስፈልጋል፤ በጆሮ ማዳመጫ የጠራ የመሰለ ንግግር በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ፋይሉ በሁለት የተለያዩ ፍላሾች ወይም ሃርድ ዲስኮች ይያዝ። መብራት ቢጠፋ ተለዋጭ ጄኔሬተር መኖሩም አስቀድሞ ይጠየቅ። ዝግጅቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ቢያልቅ ወደ ሲኤምሲ፣ ሰሚትና አያት የሚመለሰው ተመልካች በታክሲ ፍለጋ አይንገላታም፤ ቦታውን ለቀላል ባቡር ጣቢያ ቅርብ ማድረግም ይረዳል።

በከተማችን ፊልም ለሕዝብ ማሳየትና በአደባባይ መቅረጽ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ወይም በየክፍለ ከተማው የሚገኘው ጽሕፈት ቤት በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ያስረዳል። ድሮን ለመጠቀም ደግሞ ከሚመለከታቸው የፌዴራል ተቋማት ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በመሆኑ ይህን ችላ ማለት ከባድ ተጠያቂነት ያስከትላል።

በበይነ መረብ የሚገኘው ጥቅም

አዳራሽ ሁሉን አይደርስም። በዋሽንግተን ወይም በሮም የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው፣ ሕፃን ልጅ ትታ ማምሸት የማትችል እናት ፊልሙን የሚያዩት በበይነ መረብ ነው። የአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ ከተጨመረበት መስማት የተሳናቸው ወገኖችም ይከታተሉታል። ፊልም ሠሪውም ያለ ቪዛና ያለ አውሮፕላን ትኬት ከውጭ ተመልካች ጋር በቪዲዮ ሊወያይ ይችላል። ከዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጥግ የሚኖር የቦሌ ወጣት በየቀኑ አውሮፕላን ሲያይ እየዋለ ፊልሙ ወደ ታየበት አገር ለመሄድ አቅም ማጣቱ የተለመደ ነው። ለእርሱ የበይነ መረብ ፌስቲቫል እውነተኛ በር ነው።

ነገር ግን የፋይሉን መጠን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። የ20 ደቂቃ ፊልም በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢጨመቅ 1.5 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። የመጫን ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ 100 ደቂቃ ይፈጃል። ይኸው ፊልም ሲኒማ ቤቶች በሚጠቀሙበት ከፍተኛ ጥራት፣ ማለትም በሰከንድ 250 ሜጋቢት ከተዘጋጀ 37.5 ጊጋባይት ሆኖ በተመሳሳይ ፍጥነት ከ41 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ለምርጫ የሚላከው ቅጂ የተጨመቀው ይሁን፤ ከፍተኛ ጥራት ያለው የሚላከው ፊልሙ ከተመረጠ በኋላ ነው። መጫኑን ለመጨረሻው ምሽት አለማሳደር ነው፤ ኔትወርክ በዚያች ምሽት ቢቋረጥ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም።

የቀን አቆጣጠር ስህተትም ቀላል የማይባል ጉዳት ያደርሳል። በውጭ ፌስቲቫል ቅጽ ላይ የተጻፈው ሴፕቴምበር 1 በእኛ ነሐሴ 26 ነው። ወሩን «መስከረም» ብሎ ብቻ ተርጉሞ የያዘ ሰው ቢያንስ አሥር ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። ሰዓትንም በተመለከተ፣ ማብቂያው በኒው ዮርክ ሰዓት እኩለ ሌሊት ከሆነ በአዲስ አበባ እንደየወቅቱ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ይሆናል። በፓሪስ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው።

ክፍያና ማጭበርበር

አብዛኛው የውጭ ፌስቲቫል ፊልሞችን የሚቀበለው እንደ ፊልምፍሪዌይ ባሉ የጋራ የማመልከቻ ድረ ገጾች ሲሆን፣ የምዝገባ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ለውጭ ክፍያ የሚያገለግል ካርድ ስለማግኘት ተገልጋዮች ባንካቸውን ሊጠይቁ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን ለፌስቲቫሉ አዘጋጆች አጭርና ጨዋ ደብዳቤ ጽፎ ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ኮድ መጠየቅ ነውር የለውም፤ በተለይ ለተማሪዎችና ከአፍሪካ ለሚያመለክቱ የሚፈቅዱ አሉ። ሌላ ሰው ካርድ አለኝ በማለት ገንዘብ ሰብስቦ ሲመዘግብ፣ የምዝገባው ማረጋገጫ በፊልም ሠሪው ኢሜይል መምጣቱን ማየት ይገባል።

የክፍያው ጉዳይ ለአማተሮች ትልቁ አደጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየወሩ ብዙ ምድብ እየከፈቱ ለሁሉም ማለት ይቻላል ሽልማት የሚሰጡ፣ ከዚያም ለዋንጫውና ለምስክር ወረቀቱ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። መለያቸው አስቸጋሪ አይደለም። የዳኞቻቸው ስም አይታወቅም፤ ያለፈው ዓመት የእይታ መርሐ ግብር አይገኝም፤ የአዳራሽ አድራሻ ወይም የማሳያ ድረ ገጽ የላቸውም። ስማቸው ግን የታዋቂ ከተማ ስም ይይዛል። ከዚህ በፊት የተሳተፈ አንድ ሰው ፈልጎ ፊልሙ በእርግጥ ታይቶ እንደሆነ መጠየቅ ከማንኛውም የኮከብ ደረጃ አሰጣጥ የበለጠ አስተማማኝ ነው። በሃያ ቦታ ከመመዝገብ ይልቅ በደንብ የተጠኑ አራት ወይም አምስት ፌስቲቫሎችን መምረጥና የቀረውን ገንዘብ ለድምፅ ቅንብር ማዋል የተሻለ ነው።

መብትና የሰዎች ፈቃድ

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነና ግዙፍነት ያገኘ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ለዚህ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ይሁንና ክርክር ቢነሣ ማስረጃ እንዲሆን ሥራውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይመከራል። አዋጁ በቁጥር 872/2007 መሻሻሉንም ማስተዋል ያስፈልጋል። በበይነ መረብ ፌስቲቫል ቅጽ ላይ ሲፈርሙ የሚሰጡት ፈቃድ ለፌስቲቫሉ ቀናት ብቻ የተወሰነ መሆኑን ያንብቡ። «በማንኛውም ጊዜና መንገድ» የሚል ሐረግ ካለ ሳያስተካክሉ አይፈርሙ።

ሙዚቃ ብዙ ፊልሞችን የሚያሰናክል ነው። በሠፈር አዳራሽ ማንም ያልጠየቀበት ዘፈን በዩቲዩብ ላይ በራስ ሰር ይለያል፤ ፊልሙም ሊታገድ ይችላል። ከዘፈኑ ባለመብት በጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት፣ ካልተቻለም ከወጣት ሙዚቀኛ ጋር አዲስ ዜማ መሥራት ይሻላል።

በፊልሙ የሚታዩ ሰዎች ስምምነትም በጽሑፍ ይያዝ፤ ለሕፃናት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ ያስፈልጋል። በተለይ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት ያገኘው «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. መገባደጃ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ በተዘጋጀበት ምሽት፣ ተመልካቹ በአዳራሽ ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ምክንያት እይታው ተቋርጧል፤ ለሕዝብ የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። ስምምነቱ ፊልሙ በአዳራሽ፣ በፌስቲቫልና በበይነ መረብ እንደሚታይ ሦስቱንም በግልጽ ቢጠቅስ ይመረጣል፤ በሠፈር አዳራሽ ለመታየት የተስማማ ሰው ዓለም ሁሉ እንዲያየው ተስማምቷል ማለት አይደለምና። ስለ ግል መረጃ አያያዝ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን መመልከት ይጠቅማል።

ፊልማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማሳየት የሚዘጋጁ ተገልጋዮች የክፍለ ከተማቸውን ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሲያነጋግሩ የፊልሙን አጭር ጭብጥ፣ ርዝመት፣ የተሳታፊዎችን የስምምነት ቅጂና የአዳራሹን ስም ይዘው ቢቀርቡ ጉዳያቸውን በቀላሉ ለማስረዳት ይረዳቸዋል።